ኢንተርኔት አላከተመለትም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?

የመጣልኝ ጥያቄ ሲያጥር ይሄ ነው፦ «አሜሪካ ውስጥ የኔትወርክ ገለልተኝነት ደንብ በ2017 ሲሻር ‹ኢንተርኔት አከተመለት› ተብሎ ነበር። አላከተመለትም። በ2024 መለሱት፣ በ2025 ፍርድ ቤት ጣለው፣ አሁንም ምንም የሆነ ነገር የለም። ታዲያ ጭቅጭቁ ስለ ምን ነበር? ‹ኮመን ካሪየር› የሚሉት ነገርስ ለምን ይደነቀርበታል? ‹አትዝጉ፣ ፍጥነት አትቀንሱ› የሚል አንድ መስመር ሕግ ማውጣት አይበቃም?»

የኔትወርክ ገለልተኝነት ማለት የኢንተርኔት አቅራቢው በሽቦው የሚያልፈውን አይዝጋ፣ አያዘግይ፣ አያዳላ ማለት ነው። ከጥያቄው ከኋላ ልጀምር። አንድ መስመር ሕግ ይበቃል። ችግሩ ማን ያውጣው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የኮንግረስ ነው፤ ኮንግረስ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ረቂቅ ሲያገላብጥ ኖሮ አንዱንም ዳር አላደረሰም። ስለዚህ ሥራው ኤፍሲሲ ላይ ወደቀ፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማለት ነው። ኤፍሲሲ አምስት የኮሚሽነር ወንበሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ምክር ቤት አይደለም። የሚያዘው በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ በሰጠው ልክ ብቻ ነው። (ቀንና ወሩንም፣ ዓመቱንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ያ ሕግ ደግሞ «ሁሉንም ተቀበል፣ አታዳላ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የሚሰጠው በአንድ ዓይነት ድርጅት ላይ ነው፤ ኮመን ካሪየር በሆነ ድርጅት ላይ። የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከስልክም ከባቡርም ይቀድማል። የድሮው የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ጀልባ አሻጋሪውንና ዕቃ ጫኙን «በርህን ለሕዝብ ከከፈትክ የመጣውን ሁሉ ጫን፣ ዋጋህ ምክንያታዊ ይሁን፣ ሰው አትምረጥ» ይለው ነበር። አሜሪካ በ1887 ይህንኑ ባቡር ኩባንያዎች ላይ አዋለችው፤ ባቡሮቹ ለትልልቅ ደንበኞች በጓሮ በር ቅናሽ እየሰጡ ትንንሾቹን ያከስሩ ነበርና። በ1910 ቴሌግራፍና ስልክ ተጨመሩ። በ1934 ኤፍሲሲ ሲቋቋም ግዴታው «ታይትል ቱ» በሚባለው የሕጉ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። የስልክ ኩባንያው «ወደዚህ ፒዛ ቤት አላስደውልህም፣ ወደዚያኛው ግን ደውል» የማይልህ በዚህ ምክንያት ነው። ፒዛውን ያዝልኝ፣ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ 1996 እንለፍ። ኮንግረስ ሕጉን ሲያድስ ሁለት ሳጥን ሠራ። አንዱ «የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት» ይባላል፦ አንተ የላክኸውን፣ አንተ ወዳልከው ቦታ፣ ይዘቱን ሳይነካ የሚያደርስ። ሌላው «የመረጃ አገልግሎት» ነው፦ መረጃን የሚያከማች፣ የሚያቀነባብር፣ የሚያመነጭ። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ የገባ ኮመን ካሪየር ነው። ሁለተኛው ውስጥ የገባ አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢው የት ይግባ? ሕጉ በግልጽ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር በሙሉ ይህችን ጥያቄ መመለስ ነው ብልህ አላጋነንኩም።

በዚያ ዘመን ጥያቄው ብዙም አያስጨንቅም ነበር። ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር ነው። ሞደሙ ይንጫጫል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይገናኛል። ሽቦው የስልክ ኩባንያው ነው፤ የስልክ ኩባንያው ኮመን ካሪየር ነው፤ በላዩ ላይ ኢንተርኔት የሚሸጠው ሌላ ድርጅት ነው። አንዱ አቅራቢ ካስከፋህ ሌላ ቁጥር ትደውላለህ። በሺዎች የሚቆጠሩ አቅራቢዎች ነበሩ። ስልክ ኩባንያው ደንበኞቻቸውን ማገድ አይችልም፤ ታይትል ቱ አለበት። ኢንተርኔት «ያለ ምንም ቁጥጥር ነው ያደገው» ሲሉህ ይህችን ነገር ዘለዋት ነው። ከላይ ያለው ነጻ ነበር፤ ከሥር ያለው ሽቦ ግን በደንብ ታስሮ ነበር።

ከዚያ ኬብል መጣ። የቴሌቪዥን ኬብል ኩባንያው የሽቦውም የአገልግሎቱም ባለቤት ነው። ኤፍሲሲ በ2002 «ኬብል ኢንተርኔት የመረጃ አገልግሎት ነው» አለ፤ ማለትም ኮመን ካሪየር አይደለም። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2005 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለኤፍሲሲ ፈረደ። ፒዛው እዚህ ጋ ይመጣል። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በልዩነት ሲጽፍ ነገሩን ከፒዛ ቤት ጋር አነጻጸረው፦ ፒዛ ቤቱ ቤትህ ድረስ ያመጣልሃል፤ ቀጥሎ ግን «እኛ ማድረስ የሚባል አገልግሎት አንሸጥም፤ የምንሸጠው ፒዛ ነው፣ ማድረሱ የፒዛው አካል ነው» ቢልህ ታምነዋለህ? የሚገርመው፣ ስካሊያ የወግ አጥባቂው ጎራ ዋና ሰው ነበር። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፈው ክላረንስ ቶማስ ደግሞ በ2020 ያንኑ የራሱን ፍርድ በጽሑፍ ተቸው። ይህ ነገር የቀኝና የግራ ጉዳይ ነው ብለህ ከሆነ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ አልነበረም።

በዚሁ በ2005 የሆነች ትንሽ ነገር አለች፤ ለጥያቄህ ከሁሉም በላይ የምትመልሰው እሷ ትመስለኛለች። ማዲሰን ሪቨር የሚባል የስልክ ኩባንያ በኢንተርኔት ስልክ የሚያስደውለውን ቮኔጅን ዘጋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበያውን ወሰደበት። ኤፍሲሲ ጠራው፣ ኩባንያው 15,000 ዶላር ከፍሎ መዝጋቱን አቆመ። አለቀ። ጠበቃ ለጠበቃ ዓመታት መጓተት የለ፣ የሚሊዮን ሰው ፊርማ የለ። ለምን ቀለለ? ኩባንያው የስልክ ኩባንያ ስለነበረ ታይትል ቱ ይይዘው ነበር። በዚያው ዓመት ግን ኤፍሲሲ በስልክ ሽቦ የሚመጣውንም ፈጣን ኢንተርኔት ወደ መረጃ አገልግሎት ሳጥን አዛወረ። መሣሪያው በሠራበት ዓመት መሣሪያውን ጣለው ማለት ነው።

ሁለት ዓመት አልሞላም፣ የትልቁ ኬብል ኩባንያ የኮምካስት ጉዳይ መጣ። ይሄን ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም «ማዳላት» ሲባል ሰው የሚያስበው ፍጥነት መቀነስን ብቻ ነው። አንድ የኔትወርክ ባለሙያ በ2007 ጥንታዊ የሆኑ የኅብረ ዝማሬ ቅጂዎችን በቢትቶረንት (ሰዎች ፋይል እርስ በርስ በሚለዋወጡበት ፕሮግራም) ለማጋራት ሲሞክር አልሄድ ይለዋል። ማውረድ ይችላል፤ ለሌላው መላክ አይችልም። ፓኬቶቹን፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች፣ አንድ በአንድ ሲመረምር ጉዱ ወጣ። ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲገናኙ አንዱ «በቃኝ፣ ልዝጋ» ለማለት የሚልካት አጭር ፓኬት አለች። ሪሴት ትባላለች። የእሱ ኮምፒዩተር ሪሴት ይደርሰዋል፤ የላኪው አድራሻ የወዲያኛው ሰው ነው። የወዲያኛው ሰው ግን አልላከም። የላከው መሃል ላይ የተቀመጠው የኮምካስት መሣሪያ ነው፤ በሌላ ሰው ስም። ስልክ እያወራህ ሳለ የስልክ ኩባንያው የጓደኛህን ድምፅ አስመስሎ «በቃ ቻው» ቢልህ ማለት ነው። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ራሳቸው ሞከሩት፤ የተጠቀሙት የመጽሐፍ ቅዱስን ጽሑፍ ነበር። ቅጂ መብት የለበት፣ ምን የለበት። እሱም ተቋረጠ።

ኤፍሲሲ በ2008 «አቁሙ» አለ። ኮምካስት ከሰሰ። በ2010 ፍርድ ቤቱ ስለ ሪሴቱ ክፉም ደግም አልተናገረም፤ «ሥልጣኑን ከየት አመጣኸው?» ብቻ ነው ያለው። ኤፍሲሲ ይኸን ሲሰማ ማድረግ የነበረበት ግልጽ ነበር፤ አቅራቢዎቹን ወደ ታይትል ቱ መመለስ። ፈራ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሳጥኑን ሳይነካ በዚያው ዓመት መጨረሻ «አትዝጉ፣ አታዳሉ» የሚል ደንብ አወጣ። አንተ የጠየቅኸው የአንድ መስመር ደንብ ማለት ይሄው ነው። ትልቁ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ቬራይዘን ከሰሰ፣ በጥር 2014 ፍርድ ቤቱ አፈረሰው። ሐሳቡ ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ «ኮመን ካሪየር አይደሉም ያልከው ራስህ ነህ፤ እንግዲያው የኮመን ካሪየር ግዴታ ልትጭንባቸው አትችልም።» ጥያቄህ እዚህ ጋ ተመለሰ። አንድ መስመሯ ተሞክራለች። የወደቀችው ከሥሯ ሳጥኑ ስለሌለ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው፣ ዥዋዥዌ ነውና። በየካቲት 2015 ኤፍሲሲ በቶም ዊለር ሊቀመንበርነት 3 ለ 2 ታይትል ቱን መለሰ፣ ፍርድ ቤት በ2016 አጸናለት። በታኅሣሥ 2017 በአጂት ፓይ ሊቀመንበርነት 3 ለ 2 ተሻረ፣ ፍርድ ቤት በ2019 እሱንም በአብዛኛው አጸናለት። ሚያዝያ 2024 እንደገና 3 ለ 2 ተመለሰ። አስተውል፤ ሕጉ አልተለወጠም፣ ቃሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሦስተኛው ድምፅ ነው። ጥር 2 ቀን 2025 ሲንሲናቲ ያለው ስድስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዥዋዥዌውን አስቆመው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 «ሕግ አሻሚ ሲሆን ለመሥሪያ ቤቱ ትርጉም እንገዛለን» የሚለውን የ40 ዓመት ልማድ ሽሮ ነበር። ይግባኝ ሰሚው በዚያ ላይ ቆሞ የሕጉን ቃል ራሱ አነበበና «የመረጃ አገልግሎት ነው» አለ። የሚቀጥለው ኮሚሽን ይህን በ3 ለ 2 መገልበጥ አይችልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል፤ ለምን አላከተመለትም?

አንደኛ ነገር፣ አዎ፣ ተጋኗል። የደንቡ ደጋፊዎች በ2017 «ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ለየብቻ ትከፍላላችሁ» እያሉ የሳሉት ሥዕል አልመጣም። ሌላኛውም ወገን ግን አጋኗል፤ «ታይትል ቱ ኢንቨስትመንት ገደለ» የሚለው ክስ በቁጥር ሲፈተሽ አያስኬድም። ከየት ዓመት ጀምረህ እንደምትቆጥርና የትኛውን ኩባንያ እንደምታስገባ እያየህ ሁለቱንም መልስ ማውጣት ትችላለህ። ስለዚያ የሚደረገው ንትርክ ጉንጭ አልፋ ነው ባይ ነኝ። የሕዝብ አስተያየቱም ከዚህ አይሻልም። በ2017 ለኤፍሲሲ ከገቡት 22 ሚሊዮን ገደማ አስተያየቶች ውስጥ ወደ 18 ሚሊዮኑ ሐሰተኛ እንደነበሩ የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ በ2021 ይፋ አድርጓል። 8.5 ሚሊዮኑ በኢንተርኔት አቅራቢዎች ገንዘብ በተካሄደ ዘመቻ የመጣ ነው። 7.7 ሚሊዮኑን ደግሞ ደንቡን በመደገፍ የላከው አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ነው። ብቻውን!

ሁለተኛ፣ ደንቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የ2019ኙ ፍርድ ለኤፍሲሲ ሲፈርድ አንዲት ነገር ከለከለው፤ «ክፍላተ ሀገራትም የራሳቸውን ደንብ እንዳያወጡ» የሚለውን። ካሊፎርኒያ በ2018 ጠንካራ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ከሰሱ፣ ተሸነፉ፣ በ2022 ክሱን ተዉት። የኔትወርክ ሥራ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለአንድ ክፍለ ሀገር ብቻ ሌላ ፖሊሲ መጻፍ ራስ ምታት ነው፤ ትራፊኩን መንገድ የሚያሲዘው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ ድንበር አያውቅም። የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያው ኤቲኤንድቲ በ2021 የካሊፎርኒያን ሕግ ጠቅሶ፣ ይዘት አቅራቢው ሲከፍለው ከደንበኛው ጥቅል የማይቆጠር ዳታ የሚሰጥበትን አሠራር ሲያቆም፣ ከካሊፎርኒያ ውጭም አብሮ አቆመ። «ደንቡ ጠፍቶ ምንም አልሆነም» የምትለው ሙከራ በትክክል አልተካሄደም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከፖለቲካው የራቀ ነው፤ ምስጠራ፣ ማለትም መልእክቱን መሃል ላይ ያለ እንዳያነበው መቆለፍ። ዛሬ አብዛኛው ትራፊክ የተመሰጠረ ነው። መሃል ላይ ያለው መሣሪያ ወዴት እንደምትሄድ ያያል፣ ምን እንደምታደርግ ግን እንደ 2007ቱ ቁልጭ አድርጎ አያይም። ማዳላት አሁንም ይቻላል፤ ብቻ እንደ ድሮው አይቀልም።

አራተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ጠቡ ቦታ ቀየረ። ሰው በር በሩን ሲጠብቅ ነገሩ በመስኮት ሄደ።

በሥራዬ ብዙ ዓመት ያየሁትን ልንገርህ። ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ አንድ ሕንጻ፣ ብዙ መደርደሪያ፣ ብዙ ፋይበር። የአንዱ ራውተር ከሌላው ራውተር ጋር በገመድ ይያያዛል። በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ አቅራቢ ከአንድ ትልቅ የትራፊክ አመላላሽ ጋር የሚያገናኘው ወደብ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ነበረው፤ የወደቡ ግራፍ ቀን ላይ እንደ ጋራ ሽቅብ ይወጣል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጣሪያውን ይነካና እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ይቀራል። ያ ለጥ ያለ መስመር የሞላ ወደብ ነው። ከዚያ በላይ የመጣው ፓኬት ይጣላል። ቤቱ የተቀመጠው ደንበኛ ቪዲዮው ይቆምበታል፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ጥፋቱን በራሱ ዋይፋይ ያሳብባል። ማስተካከያው? ሁለት ካርድ መሰካትና ገመድ መሳብ፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ። ጠየቅን። «ይቆይ፣ ድርድር ላይ ነን» ተባልን። ወራት ቆየ። አንድም ፓኬት በስሙ አልተመረጠም፤ ማንም «ቀንሱበት» ብሎ አላዘዘም። በሩን ማስፋት ብቻ ነው የቀረው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በኔትፍሊክስና በኮምካስት መካከል በአደባባይ የታየው ጠብ የዚህ ዘመድ ነው። የኔትፍሊክስ ትራፊክ የሚመጣባቸው መገናኛዎች ሞሉ፣ የደንበኞች ፍጥነት ወረደ፣ በየካቲት 2014 ኔትፍሊክስ ለኮምካስት ከፍሎ በቀጥታ ለመገናኘት ተስማማ፣ ፍጥነቱ ወዲያው ተሻሻለ። ማን ጥፋተኛ ነበር? ኮምካስት «ያን ያህል ጎርፍ የሚልክ የራሱን ድርሻ ይክፈል» ይላል። ኔትፍሊክስ «ደንበኛህ ጠይቆኝ ነው የላክሁት፣ ደንበኛህም ከፍሎሃል» ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውም ውሸት አይደለም፣ ካርድና ገመድ ገንዘብ ያስወጣል። የ2015ቱ ደንብ ስለዚህ ቁርጥ ያለ ክልከላ አላስቀመጠም፤ «ቅሬታ ከመጣ ጉዳይ በጉዳይ አያለሁ» ብቻ አለ። ይህችን የማየት ሥልጣን የሰጠው ታይትል ቱ ነው። አሁን የሚያይ የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ሾላ በድፍን የሚነገር ነገር ላስተካክል። በ2018 ካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ላይ የነበሩ የሳንታ ክላራ እሳት አደጋ ሠራተኞች ቬራይዘን ፍጥነታቸውን ቀነሰባቸው። ሁሉም «ይኸው ገለልተኝነት የመሻሩ ጦስ» አለ። በጥብቅ ትርጉሙ አይደለም። የዳታ ጣሪያቸውን ስላለፉ ነው የቀነሰባቸው፤ የትኛውንም ድረ ገጽ ከሌላው አላበላለጠም። ነገር ግን ታይትል ቱ «አሠራርህ ምክንያታዊ ነው ወይ?» ብሎ የመጠየቂያ በር ይሰጣል፣ ያ በር ከሳምንታት በፊት ተዘግቶ ነበር። ገለልተኝነትና ኮመን ካሪየር አንድ ነገር አይደሉም የምልህ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው አንድ ደንብ ነው፤ ሁለተኛው ደንቡ የሚቆምበት መሬት ነው፣ ሌላም ብዙ ነገር ይበቅልበታል።

የተቃዋሚዎቹ ፍርሃትም ከዚሁ ነው የሚመጣው፤ ተራ ሰበብ አድርጌ አላየውም። ታይትል ቱ ዋጋ መተመንን ይፈቅዳል። ኤፍሲሲ በ2015 «ዋጋ አልተምንም» ብሎ በጽሑፍ ትቶታል፤ እነሱ ደግሞ «ዛሬ የተወ ነገ ያነሣዋል» አሉ። ፓኬት ሁሉ እኩል ይሁን ማለት ምህንድስናውን ያበላሻል የሚለው ግን ውሃ አያነሣም፤ ደንቡ እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ለምክንያታዊ የኔትወርክ አስተዳደር ሁልጊዜ ቦታ ነበረው፤ ጥቃት መመከት፣ መጨናነቅ ማስተካከል ተከልክሎ አያውቅም።

እና ዋጋ መተመኑን ፈርተው የታገሉት ሰዎች ምን ላይ እንደደረሱ ልጨርስልህ። ኒውዮርክ በ2021 አንድ ሕግ አወጣች፦ አቅራቢዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሁሉ 25 ሜጋቢት ኢንተርኔት በወር ከ15 ዶላር ባልበለጠ፣ ወይም 200 ሜጋቢት ከ20 ዶላር ባልበለጠ ያቅርቡ። ኩባንያዎቹ «ይህ የፌዴራል ሥልጣን ነው» ብለው ከሰሱ። ኒውዮርክን የሚዳኘው ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2024 የሰጣቸው መልስ፣ ኤፍሲሲ ታይትል ቱን በ2017 ሲተው ክፍላተ ሀገራትን የማገድ ሥልጣኑንም አብሮ ትቶታል የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ሕጉ በጥር 2025 ሥራ ላይ ዋለ፤ ስድስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ታይትል ቱን በጣለበት በዚያው ወር። ኤቲኤንድቲ በ5ጂ የሚሰጠውን የቤት ኢንተርኔት ከኒውዮርክ አወጣ።